ውድ ስልክ ከመግዛት በፊት ካሜራውን እንዴት እንፈትሽ?

በፍላግሺፕ (አንድ አምራች ካሉት ሁሉ ምርጥና ውድ በሆነው) ስልክ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ፎቶ ሁሌም ያምራል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው የሚነሳው። ሰውየው ዝም ብሎ ቆሟል፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ከጀርባው የሚረብሽ ነገር የለም። በእንዲህ ያለ ሰዓት መካከለኛ ስልክም አያሳፍርም። የውዱ ስልክ ልክ የሚታወቀው ነገር ሲከፋ ነው። ክፍሉ ሲጨልም፣ ልጁ አልቀመጥ ሲል፣ ከሰውየው ጀርባ መስኮቱ ሲያንጸባርቅ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ስልኩን ሆን ብለን የምናስቸግርበት መንገድ ነው። በጣም ያማረችውን አንዷን ፎቶ አንቆጥርም። ከ10 ፎቶ ስንቱ ለመቀመጥ ይበቃል? መለኪያችን ይሄ ነው። ግማሹን ፍተሻ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ትጨርሱታላችሁ። የቀረውን ስልኩን ከጓደኛ ተውሳችሁ ወይም መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ቤት ወስዳችሁ ሥሩት።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ጋለሪ ክፈቱ

አዲሱን ስልክ ከመንካታችሁ በፊት አሁን በያዛችሁት ስልክ ያለፈውን አንድ ዓመት ፎቶ እያንሸራተታችሁ ተመልከቱ። ምን ይበዛል? ብዙዎቻችን ተራራና ፀሐይ መጥለቅ የምናነሳ ይመስለናል። ጋለሪው ሲታይ ግን የሞላው በሰው ፊት፣ በሕፃናት፣ በወረቀትና ማታ ቤት ውስጥ በተነሳ ፎቶ ነው። እንደዚያ ከሆነ 10ኤክስ ዙም (10 እጥፍ አቅርቦ ማንሳት) ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ያደርጋል?

ከዚያ የተበላሹትን ፈልጉ። ብዥ ያሉትን፣ የጠቆሩትን፣ ፊት የነጣባቸውን። ሰው ያልተሳካለትን ፎቶ ወዲያው ስለሚያጠፋ ጥቂት ነው የምታገኙት፣ ግን አይጠፋም። አዲሱ ስልክ ሊፈታላችሁ የሚገባው ችግር እነሱ ውስጥ ነው ያለው። ሦስት አራቱን ምረጡና ያዟቸው። በኋላ ያንኑ ሁኔታ ፈጥረን በአዲሱ ስልክ እናነሳዋለን።

ደረጃ 2፦ የወረቀቱን ቁጥር አንብቡ፣ ግን አትመኑት

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ሜጋፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች (ፒክስሎች) ስንት ሚሊዮን እንደሆኑ ነው። 200 ሲባል አፍ ያስከፍታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በ2023 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ 200 ሜጋፒክስል ካሜራ አለው። ዝም ብላችሁ ስታነሱበት ግን የሚሰጣችሁ ፎቶ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። 16 ትንንሽ ፒክስሎችን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። እያንዳንዷ ፒክስል 0.6 ማይክሮን ብቻ ናት፤ ለብቻዋ የምትሰበስበው ብርሃን በጣም ትንሽ ነው፣ ተባብረው ግን ደህና ይሆናሉ። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ኖኪያ 808 ፒዩርቪው በ2012 ባለ 41 ሜጋፒክስል ሴንሰር ይዞ መጥቶ ፒክስሎቹን አዋሕዶ ባለ 5 ሜጋፒክስል ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጥ ነበር።

ይልቅ የሴንሰሩን መጠን ጠይቁ። ሴንሰር ማለት ብርሃኑ የሚያርፍበት ቺፕ ነው፤ ሰፋ ባለ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይይዛል። ወረቀቱ ላይ 1/1.3 ኢንች፣ 1/2.5 ኢንች እየተባለ ይጻፋል። ከታች ያለው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ሴንሰሩ ይተልቃል። በ2022 የወጣው ሻኦሚ 12ኤስ አልትራ ባለ 1 ኢንች የሚባለውን ሴንሰር ይዞ ነበር። ይሄ «1 ኢንች» ግን በማስመሪያ ብትለኩት ኢንች አይሞላም። ከጥግ እስከ ጥግ 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስያሜው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች የተወረሰ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ካሜራ መጠን ለየብቻ ፈልጉ። አምራቾች ዋናው ካሜራ ላይ ያላቸውን ሁሉ ያፈሱና አልትራዋይዱ (ሰፊ ቦታ የሚይዘው) እና ቴሌፎቶው (ሩቁን የሚያቀርበው) ላይ ይቆጥባሉ። ከጀርባ አራት ሌንስ ተደርድሮ ሁለቱ ለቁጥር ማሟያ የሆኑበት ስልክ ብዙ ነው። ኦአይኤስ የሚባለው፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሌንሱን ወይም ሴንሰሩን በተቃራኒው የሚያንቀሳቅሰው ነገር፣ ቴሌፎቶው ላይም መኖሩን አረጋግጡ። ዙም ሲበዛ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይበዛልና።

ደረጃ 3፦ ፍተሻው ፍትሐዊ እንዲሆን

ይህችን ደረጃ መዝለል ያምራል። ከዘለላችሁ ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። የሱቅ ስልክ የስንቱ ጣት እንዳረፈበት አስቡት። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ መብራት ባለበት ቦታ ሁሉ ጭጋግ ያመጣል፣ እናንተም ጥፋቱን ካሜራው ላይ ትጥላላችሁ። ሌንሱ ላይ የተለጠፈ መከላከያ ካለም አንሱት።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፊት ማሳመሪያውን አጥፉ። አንዳንድ ስልክ ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ይህንን ከፍቶ ነው የሚመጣው። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። ማንም ሰው በየቀኑ ፕሮ ሞድ (ሁሉንም በእጅ የሚያስመርጠውን) ከፍቶ አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ እያስተካከለ አያነሳም፤ ስለዚህ የሚፈተነው ስልኩ በራሱ የሚወስነው ውሳኔ ነው።

የድሮ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም አንሱ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት። አዲሱ ለብቻው ሲታይ ሁሌም ጥሩ ይመስላል። ከእያንዳንዱም አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ፎቶ አንሱ፣ ያለማቋረጥ። ሦስቱ የተለያየ ቀለም ወይም ብርሃን ይዘው ከመጡ ይሄ ራሱ መልስ ነው።

በመጨረሻም ፎቶውን በተነሳበት ስልክ ስክሪን ላይ አትፍረዱ። የፍላግሺፕ ስክሪን በጣም ብሩህ ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች ደግሞ የራሳቸውን ፎቶ ሲያሳዩ ብሩህ ቦታዎቹን ይበልጥ ያበሯቸዋል። ያው ፎቶ ሌላ ቦታ ሲከፈት ፈዞ ይመጣል። ሁለቱንም ወደ አንድ ኮምፒውተር ገልብጡ። በኬብል ይሻላል። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ልዩነቱ ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ የቀን ብርሃን

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ሁሉም ያምራል። ቅጠሉ የበዛ ዛፍ አንሱና ኮምፒውተር ላይ አስፉት። ቅጠሎቹ እየተለዩ ይታያሉ ወይስ በብሩሽ የተቀቡ ይመስላሉ? ጣሪያና ሰማይ የሚገናኙበትን መስመር እዩ። በጠርዙ ነጭ ክር ነገር ከዞረ ስልኩ ጥራት ያለው ለመምሰል ጠርዙን ከልክ በላይ እያጎላው ነው።

አንድ ነገር ግን አትለፉ። ያንኑ ቦታ በአልትራዋይዱ፣ በዋናው፣ በቴሌፎቶው አንሱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሰማዩ በአንዱ ሰማያዊ፣ በሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ ካሜራዎቹ አልተስማሙም። ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ዙም ስታደርጉ ያ የቀለም ዝላይ ሁሌ ይከተላችኋል።

ደረጃ 5፦ ሰውን መስኮት ፊት አቁሙ

ከውጭ ፀሐይ ባለበት ሰዓት አንድ ሰው ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ይቁም። እናንተ ከክፍሉ ውስጥ ሆናችሁ አንሱት። ፊቱ ይታያል? ከመስኮቱ ውጭ ያለውስ ነጭ ብቻ ሆኗል ወይስ ዛፉና ሕንፃው ይለያል?

ስልኩ እዚህ የሚሠራው ነገር ኤችዲአር ይባላል። አጫጭር ብዙ ፎቶዎችን በአንዴ ያነሳና አንድ ላይ ያዋሕዳቸዋል። ጥሩው ስልክ ፊቱንም ውጭውንም ያሳያል፣ ሆኖም ፊቱ ከመስኮቱ ውጭ ካለው ትንሽ ጠቆር ብሎ ይቀራል። በዓይናችንም የምናየው እንደዚያ ነው። መጥፎው ደግሞ ሁሉንም እኩል ያበራና ሰውየው ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ያስመስለዋል። እኔ ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል ትንሽ የጠቆረውን ነው የምመርጠው። የጠቆረ በኋላ ይስተካከላል፤ የተለጠፈ የመሰለ ግን መላ የለውም።

ሰውየው እጁን እያወዛወዘ አንድ ጊዜ ድገሙት። የተዋሐዱት ፎቶዎች ካልገጠሙ ጣቶቹ ዙሪያ ጥላ መሰል ቅጂ ታያላችሁ።

ደረጃ 6፦ ፊትና ቆዳ

ለእኔ ከፍተሻው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ግምገማ የሚጽፉ ሰዎች ቶሎ የሚያልፉትም ይህንኑ ነው።

የቆዳ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን በአንድ ፎቶ አስገቡ። ጠይም፣ ጥቁር፣ ቀይ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፣ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ቀለሙ የሚለካው በእሷ ቆዳ ስለነበር ጥቁር ቆዳ ሲታጠብ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ዲጂታሉ ዘመን ችግሩን በሌላ መልክ ነው የወረሰው። ጎግል በ2021 ከፒክስል 6 ጋር ሪል ቶን የሚባለውን ይዞ የመጣው ይህንን ለማስተካከል ነው። ሌሎቹም ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፣ ግን እኩል አይደሉም።

የምትፈልጉት ጥፋት ይሄ ነው። አንደኛ፣ ጥቁር ፊት አመድ የመሰለ ግራጫ ሆኖ መምጣት። ስልኩ «ጨልሟል» ብሎ ያስብና ያለ ልኩ ያበራዋል። ሁለተኛ፣ ቀይ ሰው አጠገቡ ሲቆም የጥቁሩ ፊት መደብዘዝ፤ ካሜራው ለአንዱ አድልቷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ግንባርና አፍንጫ ላይ ያለችው ወዝ ነጭ ነጠብጣብ መሆን። አራተኛ፣ ቆዳው ሰም የተቀባ መምሰል። ፊት ማሳመሪያው ጠፍቶም ቢሆን የሚያለሰልስ ስልክ አለ። ይህንን ለማወቅ ቅንድብና ጺም ላይ አስፉት። አንድ አንድ ፀጉር ለየብቻ ከታየ ደህና ነው። ቅንድቡ ኩል የተቀባ መስመር ከመሰለ ስልኩ ዋሽቷችኋል።

ያንኑ ሰው በሦስት ብርሃን አንሱ፦ ውጭ ጥላ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ማታ ቢጫ አምፖል ሥር። ሰውየው ነጭ ወረቀት ቢይዝ ጥሩ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ወረቀቱ ትንሽ ሞቅ ያለ ቀለም ቢይዝ አይጠላም፤ የክፍሉ ስሜት ነው። ፊቱ ብርቱካን ከሆነ ግን አበቃ። ለመፍረድ ደግሞ ሰውየው አጠገባችሁ ይቀመጥ። ትዝታ የቆዳን ቀለም አይይዝም፤ ፎቶውን ከሰውየው ፊት ጋር እያመሳከራችሁ እዩ።

ፖርትሬት ሞድን የምትፈትሹት በፀጉር ነው። ከርደድ ያለ፣ የተበተነ፣ ጫፍ ጫፉ የወጣ ፀጉር ያለው ሰው ፈልጉ። አብዛኛው ስልክ ጀርባውን ብዥ የሚያደርገው በስሌት ስለሆነ ፀጉሩ የሚያልቅበትን መገመት አለበት። መጥፎው ስልክ የፀጉሩን ዳር እንደ መቀስ ቆርጦ ይጥለዋል። መነጽር ያደረገ ሰውም ጥሩ ፈተና ነው፤ የፍሬሙ ጫፍ ጆሮ አካባቢ ይጠፋል። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቁምና በክንዱና በሰውነቱ መሃል ያለችውን ክፍተት እዩ። ጀርባው ሁሉ ብዥ ብሎ እዚያች ላይ ብቻ ጥርት ብሎ ከቀረ ስልኩ ረስቷታል።

ሰልፊ ካሜራውን በዚሁ አብራችሁ ጨርሱት። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከኋላችሁ የቆሙት ሰዎችም ጥርት ይላሉ ወይስ እናንተ ብቻ?

ደረጃ 7፦ የሚንቀሳቀስ ነገር

ልጅ እየሮጠ አንሱ። ቤት ውስጥ፣ መብራት በርቶ። 10 ጊዜ ተጫኑና ስንቱ እንደተሳካ ቁጠሩ። ብዙ ውድ ስልክ የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ንጹሕ ፎቶ ለመስጠት ሲል ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ ለረዘም ያለ ጊዜ ይከፍተዋል። የቆመ ዕቃ ያምርለታል፣ የልጁ ፊት ግን ይፈስሳል።

ምክንያቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጋለሪው ውስጥ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ክፈቱ። እንደ 1/30 ወይም 1/125 ያለ ቁጥር ታያላችሁ፣ መዝጊያው የተከፈተበት የሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ለሚሮጥ ልጅ 1/30 አይበቃም። 1/125 ወይም ከዚያ የፈጠነ ከሆነ ተስፋ አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ አዲሱ ስልክ 1/100 ሲመርጥ የድሮው 1/40 ከመረጠ አዲሱ ሰውን ታሳቢ አድርጎ እያሰበ ነው።

ሌላው መዘግየት ነው። ከተጫናችሁ በኋላ ፎቶው እስኪነሳ ስንት ጊዜ ያልፋል? ይህንን የምትለኩበት ቀላል ዘዴ አለ። ሌላ ስልክ ላይ የሰከንድ ቆጣሪ አስጀምሩ። ካሜራውን ወደ ቆጣሪው አዙሩና ልክ 5 ሰከንድ ሲሞላ ተጫኑ። ፎቶው ላይ 5.3 ካነበባችሁ የጣታችሁን መዘግየት ጨምሮ ያ ሁሉ ጊዜ አልፏል። ደጋግሙት፣ በድሮው ስልክም አድርጉት። የጣታችሁ መዘግየት ለሁለቱም ያው ስለሆነ ልዩነቱ የስልኮቹ ነው። ፈገግታ ያዝን ብለን ዞር ያለ ጭንቅላት የምናገኘው በዚህችው ክፍልፋይ ሰከንድ ነው።

ደረጃ 8፦ ጨለማ

ጎግል በ2018 ናይት ሳይት የሚባለውን የማታ ማንሻ ካመጣ ወዲህ ማታ ማንሳት ብርቅ አይደለም። የምትፈልጉት ጨለማውን ያበራል ወይ የሚለውን ሳይሆን እንዴት እንደሚያበራው ነው።

አንድ ደብዛዛ አምፖል ብቻ ያለበት ክፍል ግቡ። በዋናው ካሜራ አንሱ፣ ከዚያ በአልትራዋይዱ፣ ከዚያ በቴሌፎቶው። ዋናው ያምራል። አልትራዋይዱ ላይ ጉዱ ይወጣል፤ ጥጎቹ ጭቃ ይመስላሉ፣ ቀለሙ ይሞታል። ስልኩ ስንት ሰከንድ ሳትንቀሳቀሱ ያዙ እንዳላችሁም ልብ በሉ። ሰው ለማንሳት 3 ሰከንድ መጠበቅ ብዙ ነው።

ከዚያ ውጭ ውጡና የመንገድ መብራት ያለበትን አንሱ። ጥሩ የማታ ፎቶ ማታ መምሰል አለበት። ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ቀን የመሰለ ከሆነ ስልኩ አብዝቶታል። መብራቱን በፎቶው አንድ ጥግ አስገቡና ተቃራኒው ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈልጉ። ሌንሱ ውስጥ የሚንጸባረቅ ብርሃን ነው፣ በጣም ውድ ስልኮችም አላመለጡትም። ትንሽ ከሆነ ችላ በሉት። የሰው ፊት ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ማታ መብራት ሥር ባነሳችሁ ቁጥር ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 9፦ ዙም፣ እና የጣት ዘዴ

እዚህ ላይ ስልኮች በግልጽ ይዋሻሉ። 5ኤክስ ስትጫኑ የቴሌፎቶው ካሜራ የሠራ ይመስላችኋል። ብርሃን ሲያንስ ወይም ዕቃው ሲቀርብ ግን ብዙ ስልክ ሳይነግራችሁ ወደ ዋናው ካሜራ ይመለስና ምስሉን ቆርጦ ያሰፋዋል።

መያዣው ቀላል ነው። ዙሙን 5ኤክስ ወይም ስልኩ የሚለውን ያህል አድርጉ። ከዚያ የቴሌፎቶውን ሌንስ በጣታችሁ ሸፍኑ። ስክሪኑ ከጨለመ ቴሌፎቶው እየሠራ ነው። ካልጨለመ ሌላ ካሜራ እየተካው ነው። መጀመሪያ ውጭ ብርሃን ላይ፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ማታ አድርጉት። ቴሌፎቶው የሚሠራው በቀን ብቻ ከሆነ ከፍላችሁ የምትገዙት ግማሹን ነው።

መሃል ያለውንም አትርሱ። ሁዋዌ ፒ30 ፕሮ በ2019 ባለ 5 እጥፉን ፔሪስኮፕ (ብርሃኑን አጥፎ ስልኩ ውስጥ በጎን የሚያስኬድ ቴሌፎቶ) ካመጣ ወዲህ ውድድሩ ሁሉ ሩቅ በማየት ላይ ሆኗል። በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮ ማክስም ወደ 5ኤክስ ዘለለ። ችግሩ 2ኤክስና 4ኤክስ መካከል ነው፤ ሰው የሚያነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ባለ 5ኤክስ ስልክ መሃል ላይ ሌላ ቴሌፎቶ ከሌለው በ4ኤክስ ላይ አሁንም ዋናውን ካሜራ ቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ። በ2ኤክስ፣ በ3ኤክስ፣ በ4ኤክስ አንሱና አንድ ላይ እዩዋቸው።

አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ፈጠራ እንያዘው። የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ ከፍታችሁ ክፍሉ ማዶ አቁሙት። በስልኩ ከፍተኛ ዙም አንሱት። ሰ እና ሸ የሚለዩት አናት ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። ለ እና ሉ የሚለዩት እግር ላይ ባለች እጅግ ትንሽ ቅጥያ ነው። ፊደሉ ደብዝዞ ካልተነበበ ስልኩ ሐቀኛ ነው፤ አላየሁም እያለ ነው። ጥርት ብሎ የታየው ፊደል የሌለ ፊደል ከሆነ ግን ስልኩ እየገመተ ነው። ሩቅ ያለን ሰው ፊትም እንዲሁ ይገምታል ማለት ነው።

በዚሁ ምክንያት ጨረቃን ለፍተሻ አትጠቀሙ። በመጋቢት (ማርች) 2023 አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በሳምሰንግ ስልክ ሲያነሳው ስልኩ ምስሉ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨምሮ ሰጠው። ኩባንያውም ስልኩ ጨረቃን ለይቶ ዝርዝሩን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ ገልጿል። ጨረቃ ሁሌ አንድ ፊቷን ነው የምታሳየን፣ ስለዚህ ለመሸምደድ ቀላል ናት።

ደረጃ 10፦ ቅርብ

አንድ ገጽ ጽሑፍ ሙሉውን እስኪይዝ ቀርባችሁ አንሱ። መሃሉ ጥርት ብሎ ዳር ዳሩ ከደበዘዘ የትልቅ ሴንሰር ዕዳ ነው። ሴንሰሩ በተለቀ ቁጥር ጥርት የሚለው ጥልቀት ይቀንሳል። ሻኦሚ 14 አልትራ ላይ ከኤፍ 1.63 እስከ ኤፍ 4.0 (ቁጥሩ ሲበልጥ ቀዳዳው ይጠባል) የሚጠብና የሚሰፋ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ መኖሩም ለዚህ ይረዳል። ሌላ ስልክ ከሆነ ትንሽ ራቅ ብላችሁ በ2ኤክስ አንሱት፣ ይሻሻላል። ሰነድ የምታነሱ ካልሆናችሁ ይህንን እለፉት።

ደረጃ 11፦ ቪዲዮ

በ4ኬ (በጣም ጥርት ባለው የቪዲዮ መጠን) እየቀረጻችሁ ከክፍል ወደ ውጭ ተራመዱ። እያወራችሁ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። በአንዱ ቅጂ አራት ነገር ታያላችሁ። ደፍ ስትሻገሩ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ተስተካከለ ወይስ ደንግጦ ብልጭ አለ? እርምጃችሁ ይታወቃል? ፎከሱ ወዲያና ወዲህ ይላል? ድምፃችሁ ነፋስ ሲነካው ይሰማል?

ያንኑ ማታ ድገሙት። ምስሉ ባይንቀጠቀጥም እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር መብራቶቹ ሊደበዝዙ ይችላሉ። ይህንን ቀን ላይ አታዩትም። ቤት ውስጥ ደግሞ በርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ሥር ቅረጹ። ባለ 50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስልኩ ካላገናዘበው ምስሉ ላይ ጥቁር ሞገድ እየወረደ ይታያል።

ፋይሉ ስንት እንደሚበላም አስቡበት። አይፎን ራሱ ሴቲንጉ ላይ እንደሚነግረን 4ኬ በ30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል) ለደቂቃ 170 ሜጋባይት፣ በ60 ፍሬም 400 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በ60 ፍሬም 10 ደቂቃ ቀረጻ 4 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። አብዛኛው ፍላግሺፕ ሜሞሪ ካርድ አይቀበልም። ቪዲዮ የምታበዙ ከሆነ 128 ጊጋባይቱን አትግዙ።

ፎቶና ቪዲዮ የምትለጥፉት ቲክቶክ ወይም ኢንስታግራም ላይ ከሆነ ከመተግበሪያው ውስጥ ሆናችሁም ቅረጹ። በስልኩ ካሜራ ያማረው ከመተግበሪያው ሲከፈት ሌላ ስልክ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደረጃ 12፦ ከካሜራው ጀርባ ያለው ስልክ

ባለ 4ኬ 60 ፍሬም ቪዲዮ 15 ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ስልኩ ይግላል፣ ይሄ ያለ ነው። ስክሪኑ በራሱ ከደበዘዘ ወይም ካሜራው «ሞቋል» ብሎ ከዘጋ ግን በሞቃት ቀን ምን እንደሚሆን ገምቱት። ባትሪው ስንት በመቶ እንደወረደም ጻፉ። ስክሪኑን ፀሐይ ላይ አውጡና የምታነሱትን ማየት መቻላችሁን እዩ።

ስልኩ ተቆልፎ ኪስ ውስጥ ካለበት ጀምሮ የመጀመሪያው ፎቶ እስኪነሳ ያለውን ጊዜ ለኩ። ከዚያ ስንት ዓመት ማሻሻያ እንደሚያገኝ ጠይቁ። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት ቃል ገብተዋል። ካሜራው ከግማሽ በላይ ሥራው ሶፍትዌር ስለሆነ ማሻሻያ የሚቋረጥበት ስልክ ካሜራውም አብሮ ያረጃል።

ደረጃ 13፦ ፍርዱ

ፎቶዎቹን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። ስማቸውን ቀይሩ፣ የትኛው በየትኛው ስልክ እንደተነሳ እንዳይታወቅ። ከዚያ ስለ ስልክ ግድ የሌለው ሰው ጠርታችሁ ጥንድ ጥንዱን እያሳያችሁ «የትኛውን ታስቀምጣለህ?» በሉት። ለምን እንደሆነ እንዲያብራራ አትጠይቁት። ማብራሪያ ሲጠየቅ ሰው ማሰብ ይጀምራል፣ የምንፈልገው ደግሞ የመጀመሪያውን ስሜቱን ነው።

በደረጃ 1 የያዛችኋቸውን ሦስት አራት ሁኔታዎች አሁን አውጡ። አዲሱ ስልክ በእነዚያ ላይ ካልተሻለ የትም ቦታ የተሰጠው ነጥብ አይርዳችሁ። በአንድ ቁጥር የሚወጣ የካሜራ ደረጃ ዙምን፣ ቪዲዮን፣ ፊትን፣ ጨለማን አንድ ላይ ደፍጥጦ ነው የሚመጣው። እናንተ ዙም የማትጠቀሙ ከሆነ የዙሙ ነጥብ ለእናንተ ምንም ነው።

ለመግዛት ከወሰናችሁ በኋላ አንድ ፍተሻ ይቀራል። ይሄኛው የምትወስዱት ያው ዕቃ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ለማየት ነው፤ ሞዴሉ ጥሩ ሆኖ አንዱ ፍሬ ሊበላሽ ይችላል። ጽሑፍ የሞላበት ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ካሜራ አንሱ። አራቱም ጥግ በትንሹ ቢደበዝዝ የተለመደ ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ ተዛብቶ ተገጥሟል። ካሜራው ሲከፈት የሚጮህ ወይም ምስሉ ብቻውን የሚርገበገብ ከሆነ ኦአይኤሱ ታሟል። ስልኩ ሲጠፋ ወዘወዝ ሲደረግ ትንሽ መንኳኳት ግን ችግር አይደለም፤ ብዙ ኦአይኤስ ያላቸው ስልኮች እንደዚያ ናቸው። ጥጉ የደበዘዘውን ፎቶ ለሻጩ አሳዩትና መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ሌላ ፍሬ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ።